ኤሌክትሪክ ጊታር ከጣውላ ጀምሮ በእጅ መሥራት

ጊታር ልሥራ ብሎ የሚነሳ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እንጨት ነው። የትኛው እንጨት ጥሩ ድምፅ ይሰጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ተራው ገና ነው። ጊታርን ጊታር የሚያደርገው ልኬት ነው። የክሩ ርዝመት፣ የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ አግድም የሚገቡት ቀጫጭን ብረቶች) ቦታ፣ አንገቱና ገላው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መዋላቸው። እነዚህ ከተዛነፉ ምርጥ የሚባለው እንጨት አያድናችሁም። እነዚህ ከተስተካከሉ ግን ከተራ ጣውላ የተሠራ ጊታር አሪፍ አድርጎ ይጫወታል።

ብራያን ሜይን አስቡት። የሮክ ባንዱ የኩዊን ጊታሪስት እ.ኤ.አ. በ1963 ከአባቱ ጋር ቤት ውስጥ መሥራት የጀመረው ጊታር አንገቱ የተቀረጸው ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ማሆጋኒ ነው። ገላው ውስጥ የአሮጌ ጠረጴዛ ኦክ አለ። የትሬሞሎው (ክሮቹን እያላላና እያጠበቀ ድምፁን የሚያወዛውዘው ክፍል) ስፕሪንጎች የሞተር ሳይክል ናቸው። ያን ጊታር ይዞ ነው ዓለምን የዞረው። ልኬቱ ልክ ስለሆነ።

እዚህ የምንሠራው ባለ ስድስት ክር፣ አንገቱ በብሎን የሚታሰር፣ ራሱ (መቃኛዎቹ ያሉበት ጫፍ) ወደ ኋላ ያልተሰበረ፣ ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት) የማይነቃነቅ ጊታር ነው። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ ያቀረበው ጊታር በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አንገቱ ቢበላሽ አንገቱን ብቻ ትቀይራላችሁ፤ ገላው ቢበላሽ ገላውን።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ

እንጨት ከመንካታችሁ በፊት ጊታሩን በሙሉ መጠኑ ሣሉት። አሳንሶ መሣል አይጠቅምም። ሰፊ ወረቀት አንጥፉና መሃሉ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ይህ የመሃል መስመር ነው። ኋላ ገላው ላይም፣ አንገቱ ላይም ትደግሙታላችሁ። ማንኛውም ነገር የሚለካው ከእሱ ተነስቶ ነው።

ቀጥሎ የክሩን ርዝመት ምረጡ። ይህ ክሮቹ ከመቃኛዎቹ ወርደው ከሚያርፉባት ከነቷ ተነስቶ ብሪጁ ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት ትንሽ ብረት፣ እስከ ሳድሉ ድረስ ያለው ርቀት ነው። በፌንደር ጊታሮች የተለመደው 648 ሚሊሜትር ነው፤ በጊብሰን 628 ገደማ። ረጅሙ ክሩን ወጠር ያደርገዋል። አጭሩ ለጣት ይለሰልሳል። የእኔ ምርጫ 648 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮችም ለእሱ የተሰሉ ናቸው።

አሁን ፍሬቶቹ። አንድ ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃ ይከፈላል። ስለዚህ የሚቀጥለው ፍሬት ቦታ የሚገኘው የቀረውን የክር ርዝመት ለ17.817 በማካፈል ነው። 648 ለ17.817 ሲካፈል 36.37 ይመጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከነት 36.37 ሚሊሜትር ላይ ነው ማለት ነው። የቀረው 611.63 ነው። እሱን ደግሞ ስታካፍሉ 34.33፤ ሁለተኛው ፍሬት ከነት 70.70 ላይ። እንዲህ እያላችሁ እስከ 22ኛው ትሄዳላችሁ። 5ኛው 162.55፣ 7ኛው 215.51፣ 22ኛው 466.16 ላይ ይወድቃል። 12ኛው የክሩ ግማሽ ነው፤ 324 ላይ ማረፍ አለበት። ካላረፈ ስሌቱን ከላይ ጀምሮ እዩት።

ሁሉንም ስትለኩ ከነት ተነሱ። ከፍሬት ወደ ፍሬት አትለኩ። በእያንዳንዱ ላይ የፀጉር ያህል ብትስቱ 22ኛው ጋ ስትደርሱ ስህተቱ ተጠራቅሞ ጆሮ ይሰማዋል።

እንጨትና ዕቃ

ለገላው አልደር፣ አሽ፣ ማሆጋኒ፣ ባስዉድ፣ ፖፕላር ሁሉም ይሆናሉ። ለአንገቱ ሜፕል። ለፍሬትቦርዱ (ፍሬቶቹ ለሚገቡበት፣ አንገቱ ላይ ለሚጣበቀው ሰሌዳ) ሮዝዉድ፣ ኢቦኒ ወይም ራሱ ሜፕል። ከዝርያው ይልቅ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ ድርቀቱ፤ የርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ ከ6 እስከ 8 በመቶ ጥሩ ነው። እርጥብ እንጨት ከተሠራ በኋላ ይጣመማል። ሁለተኛ ለአንገቱ የሚሆነው ጣውላ መስመሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያሉና ጉጥ የሌለበት ይሁን። ሦስተኛ ክብደቱ። ከባድ ገላ ትከሻ ይፈጃል።

የገላው ውፍረት 45 ሚሊሜትር፤ የአንገቱ ጣውላ 19 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 700 ርዝመት፣ 100 ወርድ፤ ፍሬትቦርዱ 6 ሚሊሜትር።

ከመሣሪያ ራውተር (በሚሽከረከር ምላጭ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን)፣ መሰርሰሪያ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ ጥቂት ሞረዶች፣ ጥሩ የብረት ማስመሪያ፣ ስኳድራ፣ ካሊፐር፣ ክላምፕ እና ሶልደር ማድረጊያ ያስፈልጋችኋል። የፍሬት መቁረጫ መጋዝ የግድ ነው፤ ሌላ መጋዝ አይተካውም። መቃኛዎች፣ ብሪጅ፣ ፒክአፕ (የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው)፣ ትረስ ሮድ (አንገቱ ውስጥ የሚቀበረው ዘንግ)፣ የፍሬት ሽቦ ይገዛሉ። እነዚህን እንጨት ሳትቆርጡ በፊት እጃችሁ ላይ አድርጉ። ካታሎግ ላይ የተጻፈ ልክና እጅ ላይ ያለው ዕቃ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ጉድጓድ የሚቆፈረው ዕቃው ተለክቶ ነው።

የአቧራ ጭንብልና መነጽር አትርሱ። በተለይ የሮዝዉድ አቧራ ለቆዳም ለሳንባም ክፉ ነው።

ገላው

ብዙ ጊዜ አንድ ሰፊ ጣውላ ስለማይገኝ ሁለት ታገጣጥማላችሁ። እዚህ ጋ አንዲት የአናጺ ብልሃት አለች። ሁለቱን ጣውላዎች ፊት ለፊት አጋጥማችሁ በክላምፕ እሰሩና የሚጣበቁትን ሁለት ጠርዞች አንድ ላይ ላጓቸው። መላጊያው ትንሽ ቢያዘነብል እንኳ አንዱ የጎደለውን ያህል ሌላው ይተርፋል፤ ስትዘረጓቸው ይገጥማሉ። ሁለቱን አስጠግታችሁ ወደ ብርሃን ስታዩ ብርሃን ማለፍ የለበትም። ከዚያ የእንጨት ኮላ ቀቡ፣ እሰሩ፣ 24 ሰዓት ተዉት።

ቅርጹን በ12 ሚሊሜትር ኤም ዲ ኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ) ላይ አውጡና ጠርዙን አሳምሩ። ይህ ቴምፕሌታችሁ ነው። ራውተሩ ቴምፕሌቱ ላይ ያለውን እብጠት ሁሉ እንዳለ ወደ እንጨቱ ይገለብጠዋል፤ ስለዚህ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ገላውን በጂግሶ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ቀጭን መጋዝ) 3 ሚሊሜትር ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ። ትርፉን ራውተሩ ይበላዋል። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ጥልቀት አትሂዱ። ራውተሩን ሁልጊዜ ምላጩ ከሚዞርበት አቅጣጫ ተቃራኒ ግፉት፤ አለዚያ እንጨቱን ነክሶ ከእጃችሁ ያመልጣል።

የአንገቱ ማረፊያ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥልቀቱ 16 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 56 ገደማ። ነገር ግን በቁጥር ብቻ አትቁረጡት። አንገቱን መጀመሪያ ሥሩ፤ ማረፊያውን ለእሱ ልክ አድርጋችሁ ቁረጡ። ትክክለኛው ማረፊያ አንገቱን ያለ ብሎን አጥብቆ ይይዘዋል። ገላውን ስታነሱት አንገቱ አብሮ ከተነሳ ደስ ይበላችሁ።

የፒክአፖቹ ጉድጓድ 20 ሚሊሜትር ያህል ይጠልቃል። ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ከሆነ ጎንና ጎኑ ላይ ያሉት እግሮች ትንሽ ተጨማሪ ጥልቀት ይጠይቃሉ። የመቆጣጠሪያዎቹ ጉድጓድ ከጀርባ ይቆፈራል፤ ከፊት በኩል 6 ሚሊሜትር እንጨት ይቅር። ከዚያ ከወፈረ የፖቴንሺዮሜትሩ (እየዞረ ድምፅና ቶን የሚቆጣጠረው ክፍል) አንገት ወጥቶ ዳዶ አይይዝም።

አንገቱ

ጣውላው ላይ የመሃል መስመሩን አስምሩ። በዚያ መስመር ላይ ለትረስ ሮድ ቦይ ትቆፍራላችሁ። ትረስ ሮድ አንገቱ ውስጥ የሚቀበር የብረት ዘንግ ነው። ስድስቱ ክሮች ሲወጠሩ በድምሩ 46 ኪሎ ገደማ ይጎትታሉ። ያለ ዘንጉ አንገቱ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይጎብጣል። በሁለት አቅጣጫ የሚሠራውን ዓይነት ግዙ። ቦዩ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ወርድና 9 ሚሊሜትር ጥልቀት ነው። ዘንጉ ሲገባ ልክክ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከተላወሰ ጊታሩ በተመታ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

ፍሬትቦርዱን ከማጣበቃችሁ በፊት የፍሬት መስመሮቹን ቁረጡ። ገና ጠርዙ ቀጥ ያለ ሰሌዳ ስለሆነ ስኳድራው በደንብ ይቀመጥበታል። በእርሳስ ሳይሆን በስለት ምልክት አድርጉ። የእርሳስ መስመር ራሱ ውፍረት አለው። የስለት ጭረት ግን መጋዙን ራሱ ይመራዋል። መጋዙ የሚቆርጠው ውፍረት 0.6 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል፤ የፍሬት ሽቦውን እግር በካሊፐር ለክታችሁ መጋዙን ለእሱ ምረጡ። መጀመሪያ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩ። ፍሬቱ በእጅ ከገባ ሰፍቷል። በመዶሻ ገብቶ በፒንሳ ካልሆነ የማይወጣ ከሆነ ልክ ነው።

ከዚያ ፍሬትቦርዱን ከነት ጋ 42፣ ከመጨረሻው ጋ 56 ሚሊሜትር አድርጋችሁ አጥብቡት። ኮላ ከመቀባታችሁ በፊት ዘንጉን ቦዩ ውስጥ አስገቡና በቀጭን ፕላስተር ሸፍኑት። ኮላ ውስጡ ከገባ ዘንጉ ሥራውን አቆመ ማለት ነው። ፕላስተሩን ኮላው ተቀብቶ ሊገጠም ሲል ንቀሉት። ሌላ ችግርም አለ። ኮላ የነካው ሰሌዳ ክላምፑ ሲጠብቅ ይንሸራተታል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በሁለት የፍሬት መስመሮች ውስጥ ቀጫጭን ሚስማሮች መትታችሁ ሰሌዳውን ከቦታው አትንቀሳቀስ በሉት። ኮላው ሲይዝ ሚስማሮቹን ንቀሉ፤ ቀዳዳቸው በፍሬት ይሸፈናል።

ራሱን ከፊት በኩል ቀንሳችሁ 14 ወይም 15 ሚሊሜትር አድርሱት። ወደ ነት ሲጠጋ በለስላሳ ኩርባ ይያያዝ። የመቃኛ ቀዳዳዎቹን ገና ጣውላው ጠፍጣፋ ሳለ ብሱ።

ጀርባውን መቅረጽ ብዙ ሰው የሚፈራው ነው። እኔ ግን ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ነው። መጀመሪያ ሁለት ቦታ ብቻ ሥሩ። 1ኛው ፍሬት ጋ ከነፍሬትቦርዱ 21 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 12ኛው ጋ 23 እስኪሆን በሞረድ ቀንሱና እዚያው የምትፈልጉትን ክብ ቅርጽ ስጧቸው። ከዚያ ሁለቱን ቦታዎች በረጅም ሞረድ አገናኟቸው። በዓይን አትመኑ። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ጀርባው ላይ በቁመት አስቀምጡና ከኋላው መብራት አብሩ። ብርሃኑ የሚያሾልክበት ቦታ ስርጉድ ነው፤ ማስመሪያው የሚያርፍበት እብጠት ነው። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑና እጃችሁን ከላይ እስከ ታች አንሸራቱ። መዳፍ ዓይን ያላየውን ያገኛል።

ፍሬቶቹ

ሰሌዳውን በ305 ሚሊሜትር ራዲየስ አጉብጡት። ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ጎበጥ ያለ መፋቂያ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፋቁ። ፍሬት ሽቦውን ከሰሌዳው ትንሽ አብልጣችሁ አጉብጡ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች ምቱ፤ ከዚያ መሃሉን። እንዲህ ሲገባ እግሩ ወደ ጎን እየተዘረጋ እንጨቱን ይነክሳል። ድምፁን አዳምጡ። ፍሬቱ ገና ካልተቀመጠ መዶሻው ይጮኻል። ሲቀመጥ ድምፁ ደንደን ይላል። ያን ድምፅ አንዴ ከሰማችሁት አትረሱትም።

ሁሉም ከገቡ በኋላ አናታቸው እኩል አይሆንም። በትረስ ሮዱ አንገቱን ፍጹም ቀጥ አድርጉ። የፍሬቶቹን አናት በማርከር ጥቁር ቀቡ። ቀጥ ያለ ብረት ላይ ባለ 400 የብርጭቆ ወረቀት ለጥፋችሁ በቁመት አሻሹ። ቀለሙ ከሁሉም አናት ላይ እስኪጠፋ ቀጥሉ። የጠፋበት ፍሬት ተነክቷል፤ ያልጠፋበት አጭር ነው። ከዚያ በኋላ አናታቸው ጠፍጣፋ ስለሚሆን በፍሬት ሞረድ መልሳችሁ ክብ አድርጓቸው። ጫፎቻቸውን አለስልሱ። ለማንጸባረቅ ቀጭን የብረት ሱፍ ጥሩ ነው፤ ግን ፒክአፖቹ ባሉበት ክፍል አትጠቀሙበት። ማግኔቱ ብናኙን ይሰበስበዋል።

አንገቱና ብሪጁ ሲገናኙ

እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ነው። አንገቱን ማረፊያው ውስጥ አስገቡ። ከነቷ ሁለት ዳር ሁለት ቀጭን ክሮች ወጥራችሁ እስከ ብሪጁ ድረስ ሳቡ። ልክ ስድስተኛውና አንደኛው ክር የሚያልፉበት ቦታ። ሁለቱ ክሮች ከፍሬትቦርዱ ጠርዝ እኩል ርቀት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ ወደ ጠርዙ ከቀረበ ብሪጁን አንቀሳቅሱ፤ ገና ምንም አልበሳችሁም።

ርቀቱን ደግሞ እንዲህ አድርጉት። የአንደኛውን፣ የቀጭኑን ክር ሳድል ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ መግቢያ ትታችሁ ወደ ፊት አምጡት። ከነት እስከ ሳድሉ 648 ይሁን። የወፍራሞቹ ሳድሎች ከዚያ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ወፍራም ክር ሲጫኑት ቃናው ከልኩ ይበልጥ ከፍ ስለሚል ትንሽ ተጨማሪ ርዝመት ይፈልጋል። ሁለቱንም ልኬት ደግማችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ብሱ።

አንገቱ በአራት ብሎን ይታሰራል። ገላው ላይ ያለው ቀዳዳ ብሎኑ በነፃ የሚያልፍበት ይሁን፤ የሚነክሰው አንገቱን ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ብሎኑ አንገቱን ወደ ገላው ይጎትተዋል። ሜፕል ጠንካራ ስለሆነ ቀዳዳው ካነሰ ብሎኑ ይሰበራል። ጥርሱን ሰም ወይም ሳሙና አስነኩት።

ማስጌጥ

ሁሉንም ፍቱ። በ120፣ በ180፣ በ220 የብርጭቆ ወረቀት ተራ በተራ ፋቁ። በመጨረሻ በርጥብ ጨርቅ አብሱ፤ ሲደርቅ የሚቆመውን የእንጨት ቃጫ መልሳችሁ በ220 አለስልሱ። ለመጀመሪያ ጊታር ዘይት እመክራለሁ። ላከርና ቀለም ንጹህ ክፍልና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ዘይት በጨርቅ ይቀባል፣ ትርፉ ይጠረጋል፣ ሲደርቅ ይደገማል። የአንገቱን ማረፊያ ውስጥ አትቀቡ። ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ጨብጣችሁ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ያለበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ሽቦው

ፒክአፕ ማግኔትና የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። የብረት ክር ማግኔቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ለብሪጁ የቀረበው ፒክአፕ ሹል ድምፅ ይሰጣል፤ ለአንገቱ የቀረበው ወፍራም።

ለሃምበከር 500 ኪሎ ኦም ፖቴንሺዮሜትር፣ ለነጠላ ጥቅል 250 የተለመደ ነው። ለቶን መቆጣጠሪያው 0.022 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ለሃምበከር፣ 0.047 ለነጠላ። መንገዱ ቀላል ነው፤ ከፒክአፖቹ ወደ ማብሪያው፣ ከማብሪያው ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው፣ ከዚያ ወደ ጃኩ። የሁሉም ግራውንድ አንድ ቦታ ይሰብሰብ። ከብሪጁ ሥርም አንድ ሽቦ ወደዚያው ይምጣ። እሱ ከተረሳ ክሩን ስትነኩ መቀነስ የነበረበት ጉምጉምታ አይቀንስም።

ሶልደር ስታደርጉ መጀመሪያ የሚያያዘውን ብረት አሙቁ፤ የሶልደሩ ሽቦ በዚያ ብረት ሙቀት ይቅለጥ። የተሳካ ነጥብ ያብረቀርቃል። ክር ከመግጠማችሁ በፊት ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኙና የፒክአፑን አናት በብሎን መፍቻ ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉ። ጠቅ የሚል ድምፅ ከወጣ ይሠራል።

ማስተካከል

ክሮቹን አስገቡና ቃኙ። ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፤ አንዱ ሌላውን ይለውጣል።

መጀመሪያ አንገቱ። 1ኛውንና የመጨረሻውን ፍሬት ተጫኑ። 7ኛው ወይም 8ኛው ጋ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑር። ከበዛ ትረስ ሮዱን አጥብቁ፤ ከሌለ አላሉት። በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ፤ ከዚያ መልሳችሁ ቃኙና ለኩ።

ቀጥሎ ነቷ። 3ኛው ፍሬት ላይ ስትጫኑ ክሩ ከ1ኛው ፍሬት በላይ ለዓይን በጭንቅ በሚታይ ክፍተት ይንሳፈፍ። ከራቀ ቦዩን በቀጭን ሞረድ በጥቂት በጥቂቱ ጥልቅ አድርጉ። ካለፋችሁ ነቷን መቀየር ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ከዚያ የክሮቹ ከፍታ። 12ኛው ፍሬት ላይ ለቀጭኑ 1.5፣ ለወፍራሙ 2 ሚሊሜትር ጥሩ መነሻ ነው።

በመጨረሻ የሳድሎቹ ቦታ። ክሩን ሳትጫኑ 12ኛው ፍሬት ላይ ጣታችሁን አስነክታችሁ ሃርሞኒኩን (ክሩ በጣት ብቻ ሲነካ የሚወጣውን ጥርት ያለ ድምፅ) አውጡ። ከዚያ እዚያው ተጭናችሁ ምቱ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ውሰዱት። ለስድስቱም አድርጉት። መጀመሪያ ወረቀት ላይ የሠራችሁት ስሌት ልክ ከነበረ እያንዳንዱ ሳድል የሚሄድበት ቦታ አያጣም።

አዲስ አንገት ክር ሲወጠርበት ገና ይላመዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ክፍተቱን በየጊዜው ለኩ። ከተለወጠ ትረስ ሮዱን በጥቂቱ አስተካክሉ፤ ከፍታውንና ሳድሎቹንም ከዚያ በኋላ ደግማችሁ እዩ።